የወበቅ አገር የልጆች ማረሚያ ምን ዓይነት ቤት ሊሆን ይገባዋል?

በጅቡቲ ከተማ ሙቀት በሚበረታበት ጊዜ፥ ይኸውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፥ ሌሊቱን ከጣራ በታች የማያሳልፈው ሰው ብዙ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ያድራል፤ የሌለው ግን አልጋውን ወይም ሰሌኑን ወደ ግቢ፥ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ሰገነት አውጥቶ የባሕሩን ነፋስ ይጠባበቃል። ምጽዋን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ልማድ ማብራራት አያስፈልግም፤ የቀይ ባሕርና የታጁራ ሰላጤ ሰዎች በዚህ ነገር ወንድማማች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር የቤት እኩሌታው ውጭ ነው። ክፍሉ ቀን ለጥላና ለዕቃ ማስቀመጫ ያገለግላል፤ ሲመሽ ግን እንቅልፍ የሚገኘው ከሰማይ በታች ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ በር ተቆልፎበት የሚያድር ልጅ ከነጻነቱ ጋራ አብሮ የሚያጣው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በደጋ አገር የታሰረ ልጅ የማያጣው ይህ የውጭው እኩሌታ ቤት ነው።

ጥፋት አድርሰው ወይም አድርሰዋል ተብለው ስለሚያዙ ልጆች በተነገረ ጊዜ ሁሉ የሚነሣው ስለ ዳኛው፥ ስለ ዘበኛው፥ ስለ አስተማሪውና ስለ ቀለቡ ነው። ስለ ክፍሉ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዳኛው ግን ፍርዱን ሰጥቶ ይሄዳል፤ አስተማሪው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስተምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ዘበኛውም በተራው ይለወጣል። ሃያ አራቱን ሰዓት ከልጁ ጋራ የሚውለውና የሚያድረው ግድግዳው፥ ወለሉ፥ ጣራውና መስኮቱ ነው። ትልቅ ሰው ክፉ ክፍል ሲገጥመው ችሎ የሚያልፍበት የጸና ጠባይ አለው፤ ልጅ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለ ስለ ሆነ፥ የሚያድርበት ቦታ ስለ ራሱ የሚነግረውን ያምናል። በር የሌለው መጸዳጃ «አንተ ኀፍረት አይገባህም» ይለዋል፤ ሊዘጋ የሚችል ትንሽ ሣጥን ደግሞ «አንተም የራስህ ነገር ያለህ ሰው ነህ» ይለዋል።

የጅቡቲ ዋና ወህኒ ቤት ጋቦዴ ይባላል። መጀመሪያ ለ350 ሰዎች ታስቦ የተሠራ ሲሆን፥ አንዳንድ ጊዜ የዚህን ቍጥር እጥፍ ያህል ሰው ይዞ እንደ ነበር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ሰብአዊ መብት በየዓመቱ ባወጣቸው መግለጫዎች ተጽፏል። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የሚያዙበት ክፍልም በዚሁ በትልልቆቹ ቅጥር ውስጥ ተከልሎ ኖሯል። ከዚህ ሌላ በፖሊስ እጅ ያለው የናጋድ ማቆያ አለ፤ በዚያ ሲያዙ የኖሩት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ የሚጠብቁ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

ከውጭ አገር ሰዎቹም መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከሐረርጌ፥ ከወሎና ከሌላውም አውራጃ ተነሥተው በገላፊ ወይም በደወሌ በኩል በእግራቸው ወደ ጠረፉ የሚወርዱት መንገደኞች፥ ሐሳባቸው በኦቦክ በኩል ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ መሻገር ነው፤ በመካከላቸውም አሳዳጊ ሳይከተላቸው የሚጓዙ ልጆች አሉ። ገንዘቡ ያለቀበት ወይም ባሕሩን የፈራ ልጅ በከተማው ይቀራል፤ ጫማ ይጠርጋል፥ መኪና ያጥባል፥ ዕቃ ይሸከማል፤ ሲመሽም በሱቅ በረንዳ ሥር ይተኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከፖሊስ ጋራ ለማገናኘት ትልቅ ወንጀል አያስፈልግም። ስለዚህ በጅቡቲ ያለ የልጆች ክፍል ጣራ ስንት ክንድ እንደሚረዝም ማወቅ የጅቡቲ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በደሴም በድሬዳዋም በጂማም ያለውን ወላጅ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በሕግ በኩል ነገሩ አልተዘነጋም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጅቡቲ የልጆችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት በ1990፥ ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብለውታል፤ ስምምነቱም የታሰረ ልጅ ከትልልቆች ተለይቶ እንዲያዝ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በዚያው በ1990 በቍጥር 45/113 ውሳኔው፥ ነጻነታቸውን ላጡ ወጣቶች መጠበቂያ የሚሆኑ 87 ደንቦችን አወጣ። ከእነዚህ ደንቦች መካከል ጥቂቶቹ ለግንበኛና ለአናጢ የተጻፉ ይመስላሉ። 32ኛው ደንብ የቤቱ አሠራር ልጁን ለማረም ከታሰበው ዓላማ ጋራ እንዲስማማ፥ ልጁ ብቻውን የሚሆንበት ቦታ፥ ዓይኑና ጆሮው የሚያርፉበት ነገር፥ ከእኩዮቹ ጋራ የሚጫወትበትም ስፍራ እንዲኖረው ያሳስባል። 33ኛው ልጆች በትንንሽ ጓድ ወይም ለየብቻ እንዲተኙ፥ ለእያንዳንዱም የራሱ ንጹሕ መኝታ እንዲሰጠው ይላል። 34ኛው ስለ መጸዳጃ ገመና ነው። 35ኛው ደግሞ ልጁ የራሱን ዕቃ መያዙ ለአእምሮው ጤንነት አስፈላጊ መሆኑን ይናገራል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የልጅ ነፍስ በምን በምን በኩል እንደምትጎዳ በሚገባ እንደ ተረዱት ይታያል። ነገር ግን ስለ ሕንፃው በተናገሩበት ስፍራ ሁሉ ስለ ሙቀት አልዘረዘሩም፤ ለጅቡቲ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣው ይህ ነው።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሰውን እንቅልፍ የሚወስደው የሰውነቱ የውስጥ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ሲል ነው። ሰውነት በሙቀት አገር የሚበርደው በላቡ ነው፤ ላብም የሚያቀዘቅዘው ሲደርቅ ነው። በወበቅ ጊዜ ግን አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለ ሆነ ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የሲሚንቶ ጣራ ከመሸ በኋላም ለብዙ ሰዓት ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋል። ደግሞም የተኛ ሰው ራሱ እንደ ምድጃ ነው፤ አንድ ያረፈ ሰው አንድ የመቶ ዋት አምፑል ሊያወጣ የሚችለውን ያህል ሙቀት ገደማ ያወጣል፤ ሃያ ልጆች በተኙበትና መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ሃያ አምፑል ሌሊቱን ሲነድ እንደ ማደር ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዲገባው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 አስታውቋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ግን ተኝቷል ተብሎ የሚቆጠረው ልጅ እውነቱን ለመናገር ተጋድሞ የሚያልበው ልጅ ነው። በማግሥቱ ቍጡ ይሆናል፤ ትምህርቱ አይገባውም፤ ጓደኛውን ይመታል። ይህም በመዝገብ ላይ የጠባይ ጉድለት ተብሎ ይጻፍበታል። የቅጣቱ ክፍል ደግሞ ከመኝታው ይልቅ የጠበበና የሞቀ እንደ ሆነ፥ ልጁ ከዚያ ወጥቶ የሚያሳየው ጠባይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ከሙቀት ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ነው። ወለሉም ግድግዳውም ጣራውም ሲሚንቶ፥ በሩም ብረት የሆነ እንደ ሆነ፥ አንድ ልጅ ሲስል ሌላው ሁሉ ይነቃል፤ የቁልፍ ኳኳታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፤ ሰውም ለመደማመጥ ሲል ይጮኻል፤ ጩኸቱም ጩኸትን ይወልዳል። ይህን ለማብረድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአፋርና የሶማሌ ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ሰሌን በግድግዳና በጣራ ሥር ቢሰቀል ድምፅን ይውጣል፤ ለዓይንም ያምራል፤ ልጁም ከእናቱ ቤት የሚያውቀው ነገር ነው። የሌሊት መብራትም እንዲሁ ነው። ዘበኛው ያይ ዘንድ ሌሊቱን በሙሉ አምፑል በልጆች ዓይን ላይ ማብራት በብዙ አገር የተለመደ ቢሆንም፥ መብራቱ ዝቅ ብሎ ከወለሉ አጠገብ ቢደረግ ዘበኛውም ያያል፤ ልጁም ይተኛል።

ስለ ቀለም ግን ብዙ ተብሏል፤ ከሚገባው በላይም ተብሏል። በ1979 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በባሕር ኃይል ወህኒ ቤት አንድ ክፍል በጽጌረዳ ቀለም ተቀብቶ፥ የገቡበት እስረኞች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቍጣቸው በረደ የሚል ወሬ ወጣ። ቀለሙም በሁለት የዚያ ወህኒ ቤት መኰንኖች ስም ቤከርና ሚለር ተብሎ ተጠራ፤ በየአገሩም ወህኒ ቤቶች እየተቀዳ ተቀባ። በኋላ ግን በስዊስ አገር ሊቃውንት ነገሩን በሚገባ መርምረው በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፥ በጽጌረዳ ክፍልና በነጭ ክፍል በታሰሩት ሰዎች ጠባይ መካከል ልዩነት አለማግኘታቸውን ገለጹ። አንድ ባልዲ ቀለም ገዝቶ ቍጣን ማብረድ ቢቻል ኖሮ የዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀለም ሻጮች በሆኑ ነበር! ለጅቡቲ ከቀለም ሁሉ የሚጠቅመው በጣራው ላይ የሚቀባው ነጭ ኖራ ነው፤ ልጁ አያየውም፥ ሙቀቱን ግን ይመልስለታል።

የመስኮት ነገር ከቀለም ይልቅ የተረጋገጠ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ሊቅ በ1984 ባወጣው ጥናት፥ በፔንሲልቫንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 46 ሕሙማን አመዛዝኖ፥ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ይልቅ ፈጥነው ከሆስፒታል እንደ ወጡና ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አሳንሰው እንደ ወሰዱ አሳየ። ከዚያም አስቀድሞ በሚሺጋን ወህኒ ቤት በተደረገው ምርመራ፥ ክፍላቸው ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚያይ እስረኞች ክፍላቸው ወደ እርሻው ከሚያይ እስረኞች ይልቅ ከመቶ 24 ያህል አብልጠው ሐኪም እንደ ፈለጉ ተገኝቷል። ጅቡቲ በዓመት ጥቂት ዝናብ ብቻ የሚዘንብባት አገር ስለ ሆነች፥ ዛፍ በየመስኮቱ ማቆም ቀላል አይሆንም። ሆኖም ሰማይ አለ፤ የባሕር ወፍ አለ፤ በወደቡ የሚገባና የሚወጣ መርከብ አለ። ከደጋ የመጣ ልጅ ባሕሩን ለመሻገር ብሎ ወጥቶ ባሕሩን በቀጭን የብረት ፍርግርግ ማየቱ ይጽናናበት ወይም ይከፋበት እንደ ሆነ ግን መጠየቅ ያለበት ራሱ ልጁ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋራ ጥበቃ የሚባለው ነገር ይጋጫል። ለልጅ ምቾት የሚሆን መጋረጃ፥ ገመድ፥ መስታወትና እንጨት ለራሱም ለባልንጀራውም መጉጃ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚፈራ ሹም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጥብቅ ቁልፍም ራሱ ይገድላል። መጋቢት 8 ቀን 2017 በጓቴማላ፥ መንግሥት በሚያስተዳድረው ቪርኸን ዴ ላ አሱንሲዮን በተባለው የልጆች ማሳደጊያ፥ ሸሽተው ከተያዙ በኋላ በአንድ ክፍል የተቆለፈባቸው 56 ልጃገረዶች ነበሩ። በክፍሉ ውስጥ ፍራሽ በእሳት ተያያዘ፤ በሩ ቶሎ አልተከፈተም፤ 41 ልጃገረዶች ሞቱ። የፍራሹ ዓይነት፥ የበሩ አከፋፈትና ቁልፉን የያዘው ሰው ቆሞበት የነበረው ቦታ የቤት ውስጥ አሠራር ጉዳይ ናቸው። በጅቡቲ ሙቀት የደረቀ የስፖንጅ ፍራሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነድ ለመገመት አያስቸግርም፤ የገመድ አልጋና ሰሌን ከእርሱ ይልቅ ነፋስ ያሳልፋሉ፤ ታጥበውም ፈጥነው ይደርቃሉ።

በሌላው ዓለም መልካም የተሠራም አለ። በአሜሪካ የሚዙሪ መንግሥት ከ1889 ጀምሮ በቡንቪል ይሠራበት የነበረውን ትልቅ የወንዶች ልጆች ማረሚያ በ1983 ዘግቶ፥ ልጆቹን በትንንሽ ቤቶች ከፋፈላቸው። በእያንዳንዱ ጓድ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ የራሳቸውን ልብስ ይለብሳሉ፤ ክፍሉም ከወህኒ ይልቅ የተማሪ ቤት ማደሪያ ይመስላል። ይህ አሠራር በብዙ ስፍራ ተመስግኗል። ነገር ግን ቤት ብቻውን ሰው አያርምም፤ ለዚህ ምስክሩ በፈረንሳይ በቱር ከተማ አጠገብ በ1840 የተከፈተው የሜትሬ የልጆች ሰፈር ነው። ደሜስ የተባለው ዳኛ ያቋቋመው ይህ ሰፈር የከበበው ግንብ አልነበረውም፤ አርባ አርባ ልጆች እንደ ቤተሰብ በየቤታቸው ይኖሩ ነበር፤ ከብዙ አገር የመጡ ጐብኚዎችም አደነቁት። በኋላ ግን በአበባውና በተስተካከለው ጐዳና ጀርባ ልጆች በከባድ ሥራና በጭካኔ እንደሚሠቃዩ በጋዜጣ ስለ ተገለጠ በ1937 ተዘጋ። ስለዚህ ስለ ክፍል የሚናገር ሰው ስለ ሰው ዝም ማለት የለበትም። ክፉ ሰው በመልካም ቤት ውስጥ ክፉ ነው፤ ደግ ሰው ግን በክፉ ቤት ውስጥ ደግነቱ በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል፤ ዘበኛውም ከልጁ ጋራ በዚያው ሙቀት ያድራልና።

ወደ ጅቡቲ እንመለስ። ከመቶ ዓመት በፊት በጠረፉ የገነቡ ሰዎች ከዛሬው ሲሚንቶ ይልቅ አየሩን ያውቁት ነበር። ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው አካባቢ የሚታዩት አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ በኖራ የነጡ ናቸው፤ በፊታቸው ቅስት ያለው ጥላማ በረንዳ አለ፤ ጣራቸው ከፍ ያለ፥ መስኮታቸውም ነፋስ አሳልፎ ፀሐይ የሚከለክል የእንጨት መዝጊያ ያለው ነው። በምጽዋም ከባሕር ድንጋይ የተሠሩት ቤቶች በእንጨት መረብ የተሸፈነ ሰገነት ነበራቸው፤ ውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ያያል፤ ነፋስም ያገኛል። ገመናና አየር በአንድ ነገር ሲገኙ ማለት ይህ ነው፤ ለታሰረ ልጅ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መስኮት አልተፈለሰፈም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር መቆለፊያው ከክፍሉ በር ተነሥቶ ወደ ውጭው ቅጥር መዛወር እንዳለበት ነው። ልጁ መውጣት የሌለበት ከግቢው ነው እንጂ ከክፍሉ አይደለም። ለልጆች ብቻ የተለየ ትንሽ ግቢ፥ በግቢው ዙሪያ ጣራ ያለውና ጎኑ በጠንካራ የሽቦ መረብ የተዘጋ የመኝታ በረንዳ፥ በየበረንዳው ከአሥራ ሁለት የማይበልጡ ልጆች፥ ሌሊቱንም ነቅቶ የሚያድር አንድ ሰው ቢኖር፥ ልጁ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ በባሕሩ ነፋስ ይተኛል። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ትልልቆቹ እስረኞች ባሉበት ቅጥር ውስጥ ልጅን ሌሊት በግቢ ማሳደር አደጋ ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ ልጆቹን በሙቀት ክፍል ለመቆለፍ ሳይሆን ለልጆች የተለየ ቤት ለመሥራት ምክንያት የሚሆን ነው። በአዲስ አበባ በልደታ ከ1942 ጀምሮ ለወጣት ጥፋተኞች ብቻ የተለየ ማረሚያ ቆሟል፤ ጉድለቱ ብዙ ቢሆን እንኳ፥ ድሃ አገር የተለየ የልጆች ቤት ማቆም አይችልም ለሚሉ ሰዎች መልስ ነው።

የወጪው ነገርም እንደሚፈራው አይደለም። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ በመስመር ታገኛለች፤ ከ2017 ጀምሮም በሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ የተቈፈረው ውሃ በቧንቧ ይወርድላታል። ስለዚህ በየክፍሉ ቬንቲላቶር መስቀል፥ ልጆቹም ከመኝታ በፊት የሚታጠቡበትን ውሃ ማግኘት ይቻላል፤ በውሃ የረጠበ ሰውነት በነፋስ ፊት የሚያገኘውን እንቅልፍ የጠረፍ ሰው ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ቬንቲላቶሩ ይቆማል፤ በረንዳው ግን አይቆምም። የሽቦ መረብ፥ ኖራ፥ ሰሌን፥ የገመድ አልጋና ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን በከተማው ገበያ የሚገዙ ወይም በአናጢ እጅ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። የአናጢነቱን ሥራ ልጆቹ ራሳቸው ቢማሩበት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ በገዛ እጁ የሠራውን አልጋ የሚሰብር ልጅ ብዙ አይደለም።

ልጆቹ ከቤት ምን እንደሚፈልጉ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚያችው ከተማ ካሪታስ የተባለው የካቶሊካውያን የርዳታ ድርጅት የጎዳና ልጆችን በቀን የሚቀበልበት ግቢ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል፤ ከሚመጡትም አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ልጆች ሲሆኑ የሶማሌም ልጆች አሉባቸው። ማንም አስገድዶ አያመጣቸውም። ጧት በራሳቸው እግር መጥተው ሰውነታቸውን ይታጠባሉ፤ ልብሳቸውን አጥበው ያሰጣሉ፤ ምግብ ይበላሉ፤ ቍስላቸውን ያሳያሉ፤ ፊደል ይቈጥራሉ፤ በጥላው ሥር ያርፋሉ። ልብሱ ሲደርቅ ይለብሱታል፤ ቀኑም ሲመሽ በሩ ይዘጋና ወደ ሱቆቹ በረንዳ ይመለሳሉ።